ጉቦ በሽምግልና

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ወደ መጨረሻው ላይ ደፋር መስዬ ብታይ እንዳትታለሉ ብዬ ነው። ከቤት ስወጣ የጋዙን መዝጊያ ሦስት ጊዜ ነክቼ ነው የምወጣው፤ አንዳንዴ ከመንገድ ተመልሼ አራተኛ እነካዋለሁ። ልጄ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች ያገኘሁትን የታክሲ ረዳት ሁሉ አቁሜ እጠይቃለሁ። እነሱም ለምደውኛል፤ «እማማ፣ ደህና ናት፣ ሳምቡሳ እየበላች ነው» ይሉኛል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይ፣ ምን እንደሚል ከማንበቤ በፊት ጥፋቴን መፈለግ እጀምራለሁ።

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ አንዲት ቁርስ ቤት አለችኝ። ፉል፣ እንቁላል፣ ጨጨብሳ፣ ሻይ፤ ሌላ ነገር የለም። ባሌ ከሞተ ጀምሮ እኔና ልጄ የምንኖረው በእሷ ነው። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ አሮጌ የጭቃ ቤት። ዙሪያችን ያለው ሰፈር ፈርሶ ሰው ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ የእኛ መስመር ቀረ። ለምን እንደቀረ ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ ያስታውሱናል።

በየዓመቱ ንግድ ፈቃድ ለማሳደስ የንጽሕና ብቃት ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱን የሚሰጠው ተቆጣጣሪ ነው። የዚያን ዓመት የመጣብኝ ተቆጣጣሪ ሠላሳ ምናምን ዓመት የሚሆነው፣ መነጽር ያደረገ፣ ጥቁር ክላሰር በብብቱ የሚይዝ ሰው ነበር። ቶሎ ወልጄ ቢሆን ልጄ ይሆን ነበር። እኔ ግን «እርስዎ» ነው የምለው። እውነቱን ለመናገር «እርስዎ» የምለው ክላሰሩን ነው።

መጀመሪያ ሲመጣ «ሁለተኛ ላቫንዲኖ ያስፈልጋል» አለኝ። አስገጠምኩ። ሁለተኛ ሲመጣ መስኮቱ የዝንብ መረብ የለውም አለ። አደረግሁ። ሦስተኛ ሲመጣ አንድም ነገር አጣ። ጓዳውን አየ፣ ፎጣውን አሸተተ፣ ምጣዱን ገልብጦ ተመለከተ። በመጨረሻ አንገቱን ቀና አድርጎ ላይ ላዩን ማየት ጀመረ። ከኪሱ ሜትር አውጥቶ በርጩማ ላይ ወጣና ለካ።

«ኮርኒሱ ሃያ አምስት ሳንቲ ይጎድለዋል።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ከፍ ይደረጋል።»

«ቤቱ የቀበሌ ነው እኮ። ጣሪያ እንዳትነኪ ብላችሁ ጽፋችሁልኛል።»

«እሱን የጻፈው ሌላ ክፍል ነው» አለና ወርዶ ፉል አዘዘ።

ይህ ሰው የፉሉን ሒሳብ ሳይከፍል ሄዶ አያውቅም። ያናድደኝ የነበረውም ይህ ነው። በነፃ በልቶ ቢሄድ ኖሮ እኔም የልቤን ተሳድቤ አርፍ ነበር። እሱ ግን ከፈለ፣ መልሱን ተቀበለ፣ አፉን ጠረገ፣ ከዚያም እንደ አየር ሁኔታ ወሬ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እናቴ፣ አሥር ሺህ ብር ካለ ኮርኒሱ ከፍ ይላል» አለኝ።

«ማን ከፍ ያደርገዋል?»

«እኔ። ወረቀቱ ላይ።»

ሁለት ሳምንት ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ይታሸጋል አለ። እንዲህ ሲል ፊቱ ላይ ክፋት አልነበረም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነበር።

አሁን ንጹሕ ሴት ነኝ ብዬ አልዋሽም። የመብራት ቆጣሪ ለማስገባት ወረፋ የሚያሳጥር ሰው ፈልጌ ከፍያለሁ፤ ያኔ ባሌ በሕይወት ነበር፣ ኃጢአቱን ለሁለት ተካፍለነዋል። የዚያን ዓመቱ የከበደኝ በልጄ ምክንያት ነው። ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ከዚያ በፊት በነበረው መንፈቅ የሒሳብ መምህሯ ሲደምሩ ተሳስተው ሰባት ነጥብ ጨምረውላት ነበር። እኔ ነኝ በግድ ይዣት የሄድኩት። «የራስሽ ያልሆነ ነገር ቤቴ አይገባም» ብዬ፣ ውርጭ በሆነ ጠዋት፣ መምህሯ ፊት አቁሜ አስመለስኳት። ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ወረደች። ወር ሙሉ «እማዬ» ማለት ትታ «ሴትዮዋ» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ የአሥር ሺውን ነገር ስነግራት እጇን ዘረጋችልኝ።

«ምንድነው?»

«ሰባት ነጥቤን።»

በማግስቱ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጸሐይ ይሞቃሉ።

«ጉቦ ኃጢአት ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«እሺ አባ፣ አልሰጥም።»

መቋሚያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። «ስንት ነው የጠየቀሽ?»

«አሥር ሺህ።»

«ብቻ?» አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «ኃጢአት ነው» ሲሉ ደገሙልኝ፤ ድምፃቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልጠነከረም።

ከእኔ ቤት ቀጥሎ ፍራሽ የሚሸጡት ሀጂ ናቸው። ሃያ ዓመት ጎረቤታሞች ነን። «ሀጂ፣ በእናንተስ?» አልኳቸው።

«በእኛም ሐራም ነው። በሁለቱም በር ሞከርሽ፣ ሁለቱም ተዘጋ። እንግዲህ በመስኮት ሞክሪ» ብለው ሳቁብኝ።

መስኮቱን ያገኘሁት እቃ እያጠብኩ ነው። በሕይወቴ የገጠመኝን ነገር ሁሉ የፈታው ሽማግሌ ነው። ያገባሁት በሽማግሌ ነው። ከባሌ ጋር ስንኳረፍ ያስታረቀን ሽማግሌ ነው። ጎረቤቴ ፍሳሿን በደጄ ስትለቅ፣ የባሌ ወንድሞች ቴሌቪዥኑ የኛ ነው ሲሉ፣ ሁሌም ሽማግሌ። ይህም ሰው ነው፣ እኔም ሰው ነኝ፤ በሁለት ሰው መካከል ነገር ሲገባ ሽማግሌ ካልተላከ ምን ይላካል? ጉቦ ለሽምግልና የሚሆን ነገር መሆኑንና አለመሆኑን አላሰብኩም። እንዲያውም ሌላው ሰው እስከዛሬ ይህን ሳያስብ መቅረቱ ገርሞኝ ነበር።

የእድራችን ሰብሳቢ ጋ ሄድኩ። ከመዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእድሩን ክብ ማኅተም በመሐረብ ጠቅልለው የውስጥ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ነው የሚዞሩት፤ ወረቀት ካገኙ ሳይመቱ አያልፉም። ነገሬን ሰምተው፣ «አንቺ በዳይ ነሽ ተበዳይ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ። ኮርኒሱስ እውነት ያጥራል።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ናችሁ። ይታረቃል» አሉ።

ሦስት ሆነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄዱ፦ ሰብሳቢው፣ የንስሐ አባቴና ሀጂ። የሰውየውን ቤት ያገኙት ሀጂ ናቸው፤ በፍራሽ ያልገቡበት ቤት የለም። እኔ ወጉ ስለሆነ ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ፉል ለቀምኩ፤ የለቀምኩትን መልሼ ለቀምኩ። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ሦስቱም ጠግበዋል። ደነገጥኩ። ጉቦ እንዲቀር ለመለመን የሄደ ሰው እንዴት ጠግቦ ይመጣል?

ሀጂ ናቸው የነገሩኝ። በሩን የከፈተችው የሰውየው ሚስት ናት። ጋቢ የለበሱ፣ የጠመጠሙ፣ ከዘራ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች እሑድ ጠዋት በሯ ላይ ስታይ እጇን በአፏ ላይ አደረገች። የባሏ እህት ሦስት ዓመት እነሱ ጋ ተቀምጣለች፤ ሚስቲቱ ለጋብቻ ጠያቂ እንዲመጣላት ተስላ ነበር። «ግቡ አባቶቼ! ግቡ!» ብላ አስገባቻቸው። ሽማግሌ እንደሚያደርገው፣ ነገራችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ እሷም ጎትታ አስቀመጠቻቸው። እህትየዋ ጓዳ ገብታ ቀሚስ ቀይራ ወጣች። ለአባና ለሰብሳቢው ዶሮ፣ ለሀጂ ሽሮ ቀረበ። ተቆጣጣሪው ከመኝታ ቤት በነጠላ ጫማ ሲወጣ ሦስቱ እየበሉ ነው።

«ልጁ ሥራ አለው?» አለች ሚስቲቱ፣ መታገሥ አቅቷት።

ሀጂ ጉርሻቸው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። ሰብሳቢው መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ። አባ ግን የሚሸሹት ነገር የለም፤ አጥንቱን ቁጭ አድርገው፣ «እኛ እንኳ የመጣነው ለጋብቻ አይደለም። ለጉቦ ነው» አሏት።

ያን ጊዜ ነው ሰውየው የተንቀሳቀሰው። ሦስቱንም እየገፋ ወደ ጓሮ፣ ልብስ ወደተሰጣበት ወሰዳቸው። በተሰጣው አንሶላ መሐል ገብተው ቆሙ።

«አባቶቼ፣ በፈጠራችሁ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ!»

«እኛ የምንደብቀው ነገር የለንም» አሉ ሰብሳቢው፣ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ። «ሴትየዋ ባል የላትም። ልጅ ታስተምራለች። አንተም የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነህ፤ አይተናል፣ ጥሩ ቤት ነው፣ ዶሮውም ጥሩ ነው። ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ተዉ።»

ሀጂ ይህን ከነገሩኝ በኋላ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው ውጤቱን አበሰሩኝ። «ግማሽ!»

«ምን ግማሽ?»

«አምስት ሺህ። ባንሄድ ሙሉውን ትከፍይ ነበር።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የላክኋችሁ እንዲቀርልኝ ነው።»

«ሽምግልና የሚባለው ሁለቱም ወገን ትንሽ ሲጎዳ ነው» አሉ።

«እሱ ምን ተጎዳ?»

«ግማሹን አጣ!»

አባም ራሳቸውን እየነቀነቁ ደገፉ። እንግዲህ ጉዴን አያችሁ? ሽማግሌ ሳልልክ በፊት፣ ድፍረቱ ቢኖረኝ እንቢ ማለት እችል ነበር። አሁን ግን እንቢ ብል የማዋርደው ሌባውን አይደለም፣ ሽማግሌዎቹን ነው። የባሌን ሬሳ ያነሡ ሰዎች ናቸው። ነገ የእኔንም የሚያነሡ እነሱ ናቸው። በገዛ እጄ ጉቦውን የተከበረ አደረግሁት። ልጄ ከጓዳ ሆና፣ «ሰባት ነጥብ ለሁለት ስንት ይመጣል?» ስትል ሰማኋት።

ያን ዕለት ስተኛ ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣብኝ። ገንዘቡን ተቀብሎ «አልሰጠችኝም» ቢልስ? አምስት ሺህ ተቀብሎ ለቀሪው አምስት ሺህ ቢመለስስ? ስለዚህ ጠዋት ሰብሳቢው ጋ ሄጄ፣ የሚሰጠው እናንተ ባላችሁበት ይሁን፣ በወረቀትም ይፈረም አልኳቸው። ተንኮል አስቤ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ብልሃት ነው ይለኛል፣ እኔ ግን ደረሰኝ ፈልጌ ነው። ሰብሳቢው ደስ አላቸው። «እንዴት ዘንግቼው! እርቅ ያለ ሰነድ የት አለ? ሦስት ቅጂ ይጻፍ። አንድ ለአንቺ፣ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእድሩ መዝገብ።»

የእጅ ጽሑፏ ቆንጆ ስለሆነ ልጄ እንድትጽፍ ታዘዘች። ተቀምጣ ጻፈች። ወረቀቱ እስከ ዛሬ አለኝ። «እኛ ከዚህ በታች የፈረምነው ሽማግሌዎች፣ በቁርስ ቤቷ ባለቤትና በተቆጣጣሪው መካከል በኮርኒስ ምክንያት የተነሣውን አለመግባባት መርምረን፣ ተቆጣጣሪው ከጠየቁት አሥር ሺህ ብር ጉቦ ላይ ግማሹን እንዲተዉ፣ ባለቤቷም ግማሹን እንድትከፍል አስታርቀናል። ተቆጣጣሪውም አምስት ሺህ ብር ጉቦ በሙሉ መቀበላቸውን በፊርማቸው አረጋግጠዋል» ይላል። ከሥሩ የሰውየው ስም ከነአባቱና ከነሥራ ድርሻው ተጽፏል።

«‹ጉቦ› የሚለው ትንሽ አይከብድም?» አልኳት።

«ሌላ ስም ካለው ንገሪኝና ልጻፈው» አለችኝ።

ሰብሳቢው ሦስቱንም ቅጂ ሁለት ሁለት ጊዜ በማኅተም መቱ።

ሰውየው በቀጠሮው ጠዋት መጣ። ክላሰሩ ውስጥ የእኔ ወረቀት ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ተዘጋጅቷል። ሽማግሌዎቹን ሲያይ ትንሽ ተኮማተረ፤ ግን ሻይ አዝዞ ተቀመጠ። ቤቱ በደንበኛ ሞልቷል። ወረቀቴን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረ። እኔም ፖስታውን ከሽርጤ ኪስ አወጣሁ።

«ቆይ» አሉ ሰብሳቢው። «መጀመሪያ ይነበብ። አንብቢ፣ ልጄ።»

ልጄ ቆመች። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ እንደምታነብበው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ነጥቡን ሁሉ እየጠበቀች አነበበች። «ጉቦ» የሚለው ጋ ስትደርስ ማንኪያ የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም። ስትጨርስ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ የታክሲ ሹፌር ፉሉን እንደጎረሰ፣ «ቫት አለው?» ሲል ጠየቀ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ።

«ይሄ... ይሄ ምንድነው?»

«እዚህ ጋ ፈርም» አሉት ሀጂ፣ እስክሪብቶ እያቀበሉ። «እኔ ፈርሜያለሁ። አባም ፈርመዋል። አትፍራ፣ ቅጂ ይሰጥሃል።»

ሰውየው ተነሣ። ክላሰሩን እንኳ በትክክል አልዘጋውም። የእኔን ወረቀት ባንኮኒው ላይ እንደተወው፣ ሻዩን ሳይቀምስ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳብ ሳይከፍል ሄደ።

እዚህ ላይ ሌላ ሴት ብትሆን እልል ትል ነበር። እኔ ግን ፖስታው በእጄ ነው፣ ሰውየው ተቀይሞ ሄዷል፣ ነገ አሽጉባት ቢልስ? በሽርጤና በነጠላ ጫማዬ ተከትዬው ወጣሁ። ሲያየኝ ፈጠነ። እኔም ፈጠንኩ። መሮጥ ጀመረ።

«ያዙልኝ! ያዙልኝ!» አልኩ።

ድልድዩ አጠገብ ካልሲ የሚሸጥ ጎረምሳ ዘሎ ኮሌታውን ያዘው። ሰው ተሰበሰበ።

«ምን ወሰደብሽ እማማ?»

«ኧረ ምንም አልወሰደም! እንዲወስድ ነው!»

ጎረምሳው እኔን አየ፣ ፖስታውን አየ፣ ሰውየውን አየ። ለቀቀው። «ይቺ ከተማ አለቀላት» ብሎ ወደ ካልሲው ተመለሰ። ተቆጣጣሪው ኮሌታውን እያስተካከለ፣ «እናቴ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ ሁለተኛ ፊትሽን አታሳዪኝ» አለኝና ሰው መሐል ገባ።

ስመለስ ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ዙር ፉል አዝዘዋል። ሀጂ ወረቀቱ በነፃ ሆነ ብለው ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ። አባ ይመርቃሉ። ሰብሳቢው ብቻ ከፍቷቸዋል፤ የሰውየው ፊርማ ስላልገባበት መዝገቡ ጎደሎ ሆነ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እሱ ለምን እንደሮጠ ገብቶኛል» አለች። «አንቺ ለምን ሮጥሽ?»

«ፈርቼ ነው» አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ ልታነሣ ገባች። ካኮረፈችኝ ወር ሁሉ ያን ቀን ይበልጥ አመመኝ።

የንጽሕና ብቃት ወረቀቱን በመስታወት አስደርጌ ሰቀልኩት። ከሌሎች መስመሮች መሐል፣ «የኮርኒስ ከፍታ፦ የተሟላ» ይላል። ልጄ ጠዋት ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ ወረቀቱን ታያለች፣ ከዚያ ኮርኒሱን ታያለች፣ ከዚያ ቦርሳዋን አስቀምጣ ሥራ ትጀምራለች። አንድም ቀን አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር። ፖስታው በበርበሬ ዕቃ ውስጥ ቆየ፤ ልጠቀምበት እጄ አልሄድ አለ።

በዓመቱ ሌላ ተቆጣጣሪ መጣች። ያኛው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሉ። የመጣችው ጥድፊያ ላይ ያለች ወጣት ናት፤ ላቫንዲኖውን አየች፣ መረቡን አየች፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ከግድግዳው ወረቀት እየገለበጠች መሙላት ጀመረች። «ኮርኒስ... ባለፈው ዓመት ተሟልቷል ይላል» ብላ ምልክት ልታደርግ እስክሪብቶዋን አነሣች።

ከጓዳ በኩል የሚሰማኝ የውኃ ድምፅ ቆመ። ልጄ ቧንቧውን ዘግታዋለች።

ዝም ብዬ ሻይ ብቀዳ ኖሮ ያልቅ ነበር። አንድ ሳንቲም አልከፍልም፣ ጠያቂ የለም፣ ሽማግሌ የለም። ግን ያቺ ጸጥታ አስፈራችኝ። ክላሰር ከሚያስፈራኝ የበለጠ አስፈራችኝ።

«የእኔ እመቤት» አልኩ፣ «እስቲ ለኪው።»

«ምኑን?»

«ኮርኒሱን። ሃያ አምስት ሳንቲ ይጎድለዋል።»

ልጅቱ እንደ እብድ አየችኝ። ሜትር እንኳ አልያዘችም፤ ከሀጂ ሱቅ አስመጣሁላት። ለካች። ሃያ ስድስት ሆኖ ተገኘ፤ ያኛው በዚህም ዋሽቷል። ደስ አላላትም፣ ከምሳዋ አዘገየኋት። ጽፋ፣ እስኪስተካከል ቤቱ ይዘጋል ብላ አሸገችው። ሰብሳቢው ወሬውን ሰምተው ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። «እንሂድላት?» አሉኝ። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ተቀመጡ» አልኳቸው።

ጣሪያ መንካት አይፈቀድም። ስለዚህ እሽጉን በፈቃድ አስከፍተን ወለሉን ቆፈርን። ግንበኛው ግድግዳው እንዳይናድ ፈርቶ ዳር ዳሩን ትቶ መሐሉን ብቻ ነው ያወረደው። ሦስት ሳምንት ተዘጋሁ። በበርበሬ ዕቃ ውስጥ ያለችው ፖስታ አልበቃችም፤ ሌላ እሷን የሚያህል ጨመርኩባት፣ ለሲሚንቶ ደግሞ ከሀጂ ተበደርኩ። ከጉቦው በላይ ወጣብኝ። ይህን ለልጄ ነግሬያታለሁ፤ እውነት ትረክሳለች ብዬ አላሳደግኋትም።

የመጨረሻው ቀን ሲሚንቶው እንደደረቀ በርጩማ ላይ ወጥታ ራሷ ለካችው። «ሞላ፣ እማዬ» አለች።

አሁን ወደ ቁርስ ቤቴ የሚገባ ሰው አንድ ደረጃ ወደ ታች ይወርዳል። ነባሩ ደንበኛ ሁሉ እስኪለምደው ተደናቅፏል፤ የታክሲ ሹፌሩ ፉሉን ከነሳህኑ ጥሏል። ጠዋት ጠዋት ከባንኮኒው ጀርባ ሆኜ ለሚገባው ሁሉ «ቀስ! ደረጃ አለ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ሰው ወድቆ እንዳይሰበርብኝ እፈራለሁ።